የሣር ጥሎሽ

ሲኤምሲ፣ ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለሰብሊ፣ አያቷን በስልክ ለምትመክረው፤

አርባ ምንጭ ሙቀቱ እንዴት አደረገሽ? እኔን ብርዱ እንደ ወትሮው ጉልበቴ ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወታል። ከዚህ በቀር ደህና ነኝ። ንዴት ለደም ዝውውር ሳይበጅ አይቀርም፤ እንደ ዘንድሮ ጤነኛ የሆንኩበትን ክረምት አላስታውስም።

ይህን ደብዳቤ አልማዝ ከጓዳ ሥራዋ ስታርፍ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሻለች። ያንቺን መልስ ደግሞ ጉርድ ሾላ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትማ ታመጣልኛለች። እኔ ከወረቀት ላይ ካልሆነ አላነብም፤ ታውቂያለሽ። ስለዚህ ምስጢር ካለሽ መጀመሪያ የምትሰማው አልማዝ ናት፣ ቀጥሎ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ሰውዬ፣ ከተረፈ ለእኔ።

«ሰው ሁሉ አብደዋል ይላል» ላልሽው፣ ሰው ሁሉ ማለት እናትሽ ሙሉ ናት። ባለፈው እሑድ ከአያት ሰፈር መጥታ ግቢውን አይታ፣ ምሳ ሳትበላ ሄደች። አላበድኩም። ሣሩን ማሳጨድ አቁሜያለሁ፣ አትክልተኛውንም መርቄ አሰናብቻለሁ። ይኸው ነው።

ምክንያቱን ግን ከሥሩ ልንገርሽ። ለፋሲካ መጥተሽ ቀፎው ባዶ መሆኑን ስትጠይቂኝ «ፈለሱ» ብዬሽ ነበር። አልፈለሱም። ዓይኔን ልታከም ሆስፒታል ያደርኩ ጊዜ፣ ያ ጎረቤታችን ፍስሃ፣ የመንደራችን ኮሚቴ ሊቀ መንበር፣ ሣሩን እንደ ሙሽራ ፀጉር የሚያስበጥረው ሰውዬ፣ እንግዳውን ንብ ነደፈችብኝ ብሎ መድኃኒት የሚረጭ ሰው አስመጣ። በአጥሩ ላይ አሻግሮ ቀፎዬን አስረጨው። ስመለስ ንቦቼ በረንዳው ላይ እንደተደፋ ኑግ ተበትነዋል። አልማዝ መጥረጊያ ይዛ ቆማለች፤ አትጠርግም፣ አታስቀምጠውም።

ንብ የሌለበት ቤት ኖሬ አላውቅም። በዳኝነት ከአውራጃ አውራጃ ስዛወር እንኳ ሌላው ዳኛ አልጋና ቁም ሣጥን ሲጭን እኔ የምጭነው ቀፎ ነበር። ሄጄ ጠየቅሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ነፍሳት ናቸው እኮ ጋሼ፤ ገዝቼ እተካልዎታለሁ።»

ይቅርታ ብሎ ቢሆን ኖሮ ሣሬ ዛሬ ታጭዶ ነበር። እሱ ነፍሳት ይጠላል፤ እኔም ነፍሳት ላመጣለት ነው። ነፍሳት የሚመጣው አበባ ሲኖር ነው፤ አበባ የሚኖረው ማጭድ ሲያርፍ ነው። ሌላ የማደርገው ነገር የለም። ውኃ እንኳ አላጠጣም፤ ክረምቱ ከእኔ ወገን ነው።

ምክር ያነሰበት ደብዳቤ እጠብቃለሁ።

አያትሽ ወልደጻድቅ


ሲኤምሲ፣ ሐምሌ 23 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብሊ፣ ለጥያቄ ጎተራ፤

ደብዳቤሽን አነበብኩት። ስለ እኔ ጤና አንድ መስመር፣ ስለ ፍስሃ ቤት አንድ ገጽ። ደግ ልጅ ነሽ፣ ለጎረቤት ታስቢያለሽ።

አዎ፣ ፍስሃ ደህና ነው። አዎ፣ ሚስቱም ደህና ናት፤ የደም ግፊቷን ያመጣሁት እኔ አይደለሁም፣ እኔ ሳልጀምር ነበረባት። ልጃቸው አብነት ሰሞኑን መጥቶ እንደሆነ አላየሁም። በቤቱ ውስጥ ጭቅጭቅ ይሰማል ወይ ላልሽው፣ ቢኖርም አይሰማኝም፤ እንቁራሪቶቹ ይበልጡታል።

እንቁራሪት የመጣው በዝናቡ ነው። ከአጥሩ ሥር ውኃ የሚያቁር ጉድጓድ አለ፣ እሱ ውስጥ ገብተው ይዘምራሉ። ጉድጓዱ የሚገኘው በፍስሃ መኝታ ቤት መስኮት ትይዩ ነው። ቦታውን የመረጡት እነሱ ናቸው። እኔ የቆፈርኩት ብቻ ነው።

ሣሩ ጉልበቴን አልፏል። ስማቸውን የማላውቃቸው ትንንሽ ወፎች መጥተው የሣሩን ዘንግ እያጎነበሱ ፍሬውን ይለቅማሉ፤ ወፏ ስትቀመጥ ሣሩ ይሰግዳል፣ ስትነሣ ይቃናል። አንዲት እስስት የልብስ ማስጫው ላይ ስትሄድ አልማዝ አይታ ሁለት ቀን ልብስ አላሰጣችም። ቢራቢሮ መቁጠር ትቻለሁ። ማታ ማታ ይህን ሁሉ ሳየው ደስ ይለኛል፤ ከዚያ ለምን እንደጀመርኩት ትዝ ይለኝና የበለጠ ደስ ይለኛል።

ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ልኳል። ደንቡ ሣር ከስንዝር በላይ አይድግ ይላል። እኔም በማን ስንዝር ብዬ በጽሑፍ ጠየቅኋቸው፤ በዚህ እስካሁን አልተስማሙም። ሊለካ የተላከው ዘበኛ ሜትሩን ይዞ ገብቶ፣ ከመካከል ቆሞ አልማዝን መውጫው በየት ነው ብሎ ጠየቃት። ምን ብሎ ሪፖርት እንዳደረገ አልሰማሁም።

ፍስሃ ራሱ በአጥሩ ብቅ ብሎ ከእኔ ግቢ የሚነሣ ዘር የሱን ሣር አበላሸብኝ ብሎ ስሞታ አቀረበ። እኔም ዘር ክንፍ እንጂ ኮሚቴ የለውም አልኩት። ባለፈው እሑድ በቱታው ተንበርክኮ አረም በእጁ ሲነቅል ዋለ። ወንበሬን ፎቅ ላይ ወዳለው መስኮት አስወጥቼ አየሁት። ቁርሴንም እዚያው አስመጣሁ።

«አይበቃዎትም?» ብለሻል። አይበቃኝም። ገና አላበበም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ስለ ፍስሃ ቤት ይህን ያህል የምትመረምሪኝ ለምንድን ነው? ሠላሳ ዓመት ችሎት ላይ ተቀምጫለሁ ልጄ፤ ምስክር ሲንተባተብ በጽሑፍም አውቃለሁ።

አያትሽ


አርባ ምንጭ፣ ነሐሴ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.

አባባዬ፣

ይህን በስልክ ፎቶ ያልላክሁት ሆን ብዬ ነው። አልማዝን እወዳታለሁ፣ ግን ይህን ከእሷ ፊት ላይ እንዲያነቡት አልፈለግሁም። ታሽጎ በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ይደርስዎታል።

አብነትን ላገባ ነው። አዎ፣ የአቶ ፍስሃን ልጅ። እዚህ መንገድ ሥራ ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ሆነን። ፋሲካ ላይ ልነግርዎ ነበር የመጣሁት፣ እርስዎ ግን ያን ሰሞን ከሰው ጋር አያወሩም ነበር። ለምን እንደሆነ የገባኝ ሰኔ ላይ ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ነው። ለአብነት ነገርኩት። ያን ቀን ለአባቱ ደውሎ ተጣሉ፤ ከዚያ ወዲህ አይደውልለትም፣ አባቱ ሲደውልለትም አያነሳም። ይህን ሰምተው እንዳይደሰቱ።

አቶ ፍስሃ ነገሩን ከእናቱ ሰምተው፣ ጥቅምት ላይ ሽማግሌ ይልካሉ። አባዬ በሕይወት የለም፤ እማዬም መልስ የሚሰጡት አባባ ናቸው ብላለች። ስለዚህ የሚመጡት እርስዎ ቤት ነው።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ። ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ግቢውን ያሳጭዱት። ለአቶ ፍስሃ ብለው አይደለም፣ ለእኔ ብለው። ንቦቹን እኔም እወዳቸው ነበር፤ ልጅ ሆኜ ማር ሲቆርጡ ጭሱን የምይዝልዎ እኔ ነበርኩ። ግን ከሳሹም ዳኛውም እርስዎ በሆኑበት ችሎት እኔ የት እንደምቆም አላውቅም።

እምቢ ካሉ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ተፈራርመን መጨረስ እንችላለን። አብነትም ብሎኛል። እኔ ግን ያለ እርስዎ ምርቃት አላገባም። ስለዚህ እምቢ ካሉ፣ እምቢ ያሉት እኔን ነው።

ልጅዎ ሰብሊ


ሲኤምሲ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሰብለ፤

ፖስታሽ ደርሷል። አልማዝ ሳታነበው የደረሰኝ የመጀመሪያው ደብዳቤ ስለሆነ አኩርፋኛለች። እኔም አንቺን አኩርፌ ነው የሰነበትኩት፤ መልሱ የዘገየው ለዚህ ነው እንጂ እጄ ታሞ አይደለም።

ሁለት ዓመት። ፋሲካ ላይ ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ የዶሮውን እግር ስትግጪ አንድ ቃል ሳይወጣሽ። ከማን ወሰድሽው ብዬ አሰብኩ፤ ከእኔ ነው፣ እኔም «ፈለሱ» ብዬሻለሁ። እንግዲህ ተቻቻልን።

ልጁን አውቀዋለሁ። ትንሽ ሳለ ኳሱ ወደ እኔ ግቢ ሲገባበት ኳሱን ረስቶ ቀፎው አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ያይ ነበር። ንቦቹ አንድም ቀን ሳይነድፉት አደገ። በእሱ ላይ ክስ የለኝም። ከአባቱ መጣላቱንም ሰምቼ አልተደሰትኩም። ብዙ አልተደሰትኩም።

ሽማግሌዎቹ ይምጡ። ሣሩ ግን አይታጨድም። ሴት ልጅ ለመጠየቅ የመጣ ሰው ሣር መሀል ማለፍ ከከበደው፣ ኑሮን እንዴት ሊያልፍ ነው?

ደግሞ አታልቅሺ። ለአልማዝ ደውለሽ እንዳለቀስሽ ሰምቻለሁ። ነገሩን በእኔ ዓይን እዪው እስቲ። ፍስሃ፣ ያ ፍስሃ፣ የልጅ ልጄን ስጠኝ ሊለኝ ነው። እግዜር ይህን አመቻችቶ በእጄ ሲያስቀምጥልኝ በማጭድ ላበላሸው? ከንቦቼ ሞት ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም። አንቺ የተደሰትኩት በአንቺ ደስታ ነው ብለሽ ውሰጂው፤ ግማሹ እውነት ነው።

አያትሽ ወልደጻድቅ


ሲኤምሲ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሰብሊ፣ በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ አልማዝ ላይ ለደወለችው፤

መለስኳቸው እንጂ አልከለከልኳቸውም። ልዩነቱን የማያውቅ ሰው ነው የነገረሽ። በመጀመሪያ ቀን እሺ የሚባለው ገበያ ላይ ነው፤ በወጉ ከሆነ ሽማግሌ ሄዶ ይመለሳል።

የመጡት ሦስት ናቸው። ሐጂ ሚስባህ፣ ቦሌ ያለው ጨርቅ ነጋዴ፣ የድሮ ወዳጄ፤ ፍስሃ እኔን ለማለስለስ እንደመረጠው ገብቶኛል። አቶ ዘርአጽዮን፣ ወግ ዐዋቂው። የፍስሃ ንስሐ አባትም አሉ። ነጫጭ ጋቢ ለብሰው ከበር እስከ በረንዳዬ በሣሩ መሀል መጡ። በጥቅምት ደግሞ ጭጎጊቱ ደርቋል። ያን እሾሃም ፍሬ ታውቂዋለሽ፣ ልብስ ላይ ከተለጠፈ አንድ በአንድ ካልለቀሙት አይወርድም። ሽማግሌ ጉዳዩን እስኪናገር ቆሞ ይጠብቃል አይደል? እነዚህ መቆማቸውን እንኳ አላስተዋሉም፤ ሦስቱም አጎንብሰው ጋቢያቸውን ይለቅማሉ።

ሐጂ ሚስባህ ቀና ብሎ፣ «ወልዴ፣ ልጅ ልንጠይቅ መጥተን እህል ለቀማ አስገባኸን» አለኝ።

ጉዳያቸውን ተናገሩ። የማን ልጅ ነው ብዬ ጠየቅሁ። የጎረቤትህ የፍስሃ አሉኝ። የትኛው ፍስሃ አልኩ። ቄሱ ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑት። አበባውን እስኪያዩ ድረስ በረንዳው ላይ አቆየኋቸው፤ አደዩ ሊያልቅ ነው፣ ግን ንብ ነበረበት፣ የሰው ንብ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ። ከዚያ ለሁለት ሳምንት ቀጠርኳቸው፣ አባትየውም አብሮ ይምጣ አልኩ።

አቶ ዘርአጽዮን ተቆጣ። አባት ሽማግሌ ይልካል እንጂ አብሮ አይመጣም፤ ይህ በየትኛው አገር ወግ ነው አለ። ልክ ነው፣ ወጉ እንደዚያ ነው። እኔም፣

«መርዙን በአጥር ያሻገረ ሰው፣ ቃሉን በሰው እጅ ሲልክ አያምርበትም» አልኩት።

ስለ ንቦቹ አልነገሩትም ነበር መሰለኝ። ጋቢውን መልቀሙን ትቶ ቀፎውን ዞር ብሎ አየው።

ፍስሃ አልመጣም ካለ ምን እንደማደርግ ጠይቀሻል። አላውቅም። ይህን ስጽፍልሽ እየቀለድኩ አይደለም።

አያትሽ


ሲኤምሲ፣ ጥቅምት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሰብሊ፣

መጥቷል። እፎይ በይና አንብቢ።

ጥቁር ሙሉ ልብስ ለብሶ ከሽማግሌዎቹ ኋላ መጣ። ሽማግሌዎቹ ብልህ ሆነዋል፣ በዚህኛው ጊዜ የሚለጠፍበት ነገር አልለበሱም፤ ለእሱ ግን አልነገሩትም። ሐጂ ሚስባህ ነው የሸረበው ብዬ እጠረጥራለሁ። ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አልኳቸው። እሱን ምንም አላልኩትም። ቆመ።

እንደገና ያንኑ አመጣው። ዘመናዊ ቀፎ ከነንቡ ያስመጣልኛል፣ አንድ ሳይሆን ሁለት። ንብ ለመግዛት ከሆነ ከአንተ ይልቅ እኔ አገሩን አውቀዋለሁ አልኩት። ከዚያ አቶ ዘርአጽዮን ወደ ጉዳዩ መለሰን፤ ልጅቷን ከሰጣችሁን ጥሎሹን ንገሩን፣ ወርቁ ምን ያህል ይሁን፣ ቀሚሱ ስንት ይሁን አለ። ወርቅ አልፈልግም አልኩ። ቀሚስም አልፈልግም።

«ጥሎሹ ሣር ነው። ከዛሬ ጀምሮ የሚመጣው መስቀል እስኪያልፍ ድረስ በፍስሃ ግቢ ማጭድ አይገባም፣ ማሽን አይነሣም፣ መድኃኒት አይረጭም። ልጄን የምሰጠው በዚህ ነው።»

አልማዝ ከጓዳ ብቅ ብላ ተመለሰች።

«ጋሼ» አለኝ ፍስሃ፣ «እኔ እኮ የኮሚቴው ሊቀ መንበር ነኝ። ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አልኩት። «በሌላ ሰው ግቢ ቢሆን ምን ይጠቅመኛል?»

ሱሪው ላይ ያለውን ጭጎጊት እየለቀመ አሰበ። እምቢ ይላል ብዬ ስጠብቅ ነው ምን ያህል እንደፈራሁ የገባኝ። እምቢ ቢልም የጠየቅሁትን አልተውም ነበር፣ ለአንቺም ምን ብዬ እንደምጽፍ አላውቅም ነበር። በመጨረሻ «ለአብነት ስል» አለ። ሐጂ ሚስባህ ዋስ ሆነ። በሱቁ ፊት ማለፍ የሚፈልግ ሰው ዋሱን አያሳፍርም።

ከዚያ በኋላ ተቀመጥ አልኩት።

ይቅርታ አላለም። ልብ ብዬ ጠብቄያለሁ፣ አላለም። ምርቃቴን ስትመጪ ትወስጃለሽ፤ በስልክ ፎቶ አይላክም።

አያትሽ


አርባ ምንጭ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

አባባዬ፣

ምን እንደምልዎ አላውቅም። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ጥሎሼ ሣር ነው ብዬ ለጓደኞቼ እንዴት እንደምናገር ያስቡት። ደግሞ የሠርጉን ፎቶ በአቶ ፍስሃ ሣር ላይ ልንነሣ ነበር፤ ፎቶግራፍ አንሺው ቦታውን አይቶ፣ ወዶት፣ ቀብድ ተቀብሎ ነበር። ጥር ላይ ምን እንደሚመስል እርስዎ ያውቃሉ። ያውቁ እንደነበርም አውቃለሁ።

አብነት ግን ሲሰማ ሳቀ። ከሰኔ ወዲህ እንደዚያ ሲስቅ አላየሁትም። ከዚያ ስልኩን አንሥቶ ለአባቱ ደወለለት። ስለ ሠርጉ ያወራሉ ብዬ ስጠብቅ፣ አባቱ ስለ ሣሩ ነው አንድ ሰዓት ያወራው። እንዴት እንደሚያሳክከው። ማሽኑን ሸፍኖ ጋራዥ እንዳስገባው። ኮሚቴው ምን እንደሚለው። አብነት «እሺ አባዬ፣ አይዞህ አባዬ» እያለ ያዳምጣል። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ የማን ወገን እንደሆንኩ ጠፋኝ።

አሁንስ ረኩ? እውነቱን ይንገሩኝ። ካልረኩ ከዚህ በኋላ ምን እንደቀረ ይንገሩኝና እንወቀው።

ሰብሊ


ሲኤምሲ፣ መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሰብሊ፣ ለአቶ አብነት ባለቤት፣ አሁንም የእኔ ለሆነችው፤

ሆድሽ ገፋ ገፋ ብሏል ሲሉ ሰምቻለሁ። ከአልማዝ ነው እንጂ ከአንቺ አይደለም። እንዲህ ያለ ነገር ስትደብቂ ይህ ሁለተኛሽ ነው፤ ለልጁ አታስተምሪው።

አምና የጠየቅሽኝን ረኩ ወይ የሚለውን ሳልመልስልሽ ዓመት አለፈ። ጥያቄሽን ረስቼው አይደለም፣ ፍርድ በይደር አቆይቼው ነው።

በጋውን ረክቼ ነበር። በጥር የፍስሃ ሣር ድርቆሽ መሰለ፤ እናንተም ፎቷችሁን እኔ በረንዳ ላይ ተነሣችሁ፣ አላማረም አትይኝም። መጋቢት ላይ ኮሚቴው ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ማስጠንቀቂያ የሚጽፈው ደግሞ ሊቀ መንበሩ ነው። ለራሱ ጽፎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም አድርጎ ለራሱ አደረሰ። ዘበኛው በሩን አንኳኩቶ በእጁ ሲሰጠው በመስኮቴ አይቻለሁ። ያን ቀን ምሳዬን ሁለት ጊዜ በላሁ።

ከዚያ ክረምቱ ገባ። የእሱ ሣር ከእኔ በልጦ ወጣ፤ ለካ ያን ሁሉ ዓመት ያበላው ማዳበሪያ ሥሩ ውስጥ ተቀምጧል። አደዩ ከእኔ ተሻግሮ ሄዶ እዚያ ወፍሮ አበበ። እንቁራሪቶቹም ሄዱ። ወፎቹ በአጥሩ ላይ ይመላለሳሉ፣ ወዲህም ወዲያም።

መስቀል አለፈ። ቃሉ አበቃ። በማግሥቱ በጠዋት ተነሥቼ ወንበሬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ የማሽኑን ድምፅ ጠበቅሁ። እውነት ልንገርሽ፣ እንዲያጭደው ፈልጌ ነበር። ቢያጭደው ኖሮ ሁሉም ባለበት ነበር፤ እኔም አምርሬ እናደድ ነበር። ማሽኑ አልተነሣም። በነጋታውም አልተነሣም። ጎንበስ ብዬ ባይ፣ ፒጃማውን እንደለበሰ በርጩማ አውጥቶ ሣሩ መሀል ቁጭ ብሏል። ብቻውን። ምንም አይሠራም።

በዳኝነት ዘመኔ ሁሉ የእስር ጊዜው አልቆ በር ሲከፈትለት አልወጣም ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ቅጣቴን ወሰደብኝ፣ ሰብሊ። ቀፎዬ ዛሬም ባዶ ነው፤ መንጋ ቢያልፍ ብዬ ዛፍ ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ አልገባበትም። እኔ ይህን እያየሁ እሱ ቢራቢሮ ያያል።

ከትናንት በስቲያ በአጥሩ ጠራኝ። ሄድኩ። ሐምራዊ የሆነች፣ ጭንቅላቷ ክብ፣ ቅጠሏ ሦስት የሆነች ትንሽ አበባ በጣቱ ይዟል፤ አልነቀላትም፣ አጎንብሷት ነው የሚያሳየኝ።

«ጋሼ፣ የዚች ስሟ ማን ነው?»

አውቃታለሁ። በአባቴ አገር ንብ ከእሷ ሌላ ነገር እስከማታይ ድረስ ትወዳታለች። ሽማግሌ ሆኛለሁ፣ ረሳሁት አልኩት። እንግዲያው ነገ እጠይቅዎታለሁ አለኝ። ትናንትም ጠየቀኝ። ዛሬም ጠዋት አጥሩ ላይ ክርኑን አስደግፎ እየጠበቀኝ ነበር፤ ገና ትዝ አላለኝም አልኩት።

ይቅርታስ አለ ወይ ትይኝ ይሆናል። አላለም። እስካሁን የጠየቀኝ የአበባ ስም ብቻ ነው።

ስሟ ማገት ይባላል። ለአንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ። ለአብነት እንዳትነግሪው፤ ዛሬውኑ ደውሎ ለአባቱ ይነግረዋል። ያችን አንዲት ቃል እስኪላት ድረስ፣ ሣሩ መሀል ቁጭ ይበልና በየቀኑ ይጠይቀኝ።

አያትሽ ወልደጻድቅ